ከስሙ በፊት ካላንደሩ፦ የኳንት ማስተርስ ሲመረጥ

ለኳንት ማስተርስ፣ ማለትም ሒሳብና ኮድን ለፋይናንስ ሥራ ለሚያስተምር ዲግሪ፣ ሁለት የመግቢያ ደብዳቤ እጁ የገባ ሰው ደስታው ከአንድ ቀን አያልፍም። በማግስቱ ጭንቀቱ ይጀምራል። የአንዱ ትምህርት ቤት ስም የገነነ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላውን ከሙያው ሰዎች በቀር የሰማው የለም። አንዱ በ10 ወር ያልቃል፤ ሌላው 16 ወር ይፈጃል። አንዱ "ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ" ይባላል፤ ሌላው "ማቲማቲካል ፋይናንስ"። የሁለቱም ድረ ገጽ ላይ ፈገግ ያሉ ተመራቂዎችና ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ።

እዚህ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ሰው የደረጃ ሰንጠረዥ ይከፍታል። ማን አንደኛ፣ ማን ስድስተኛ እንደሆነ አይቶ ከላይ ያለውን ይመርጣል። ቀላል ነው፤ ለቤተሰብ ለማስረዳትም ይመቻል። እኔ ግን ሰንጠረዡን ወደ ኋላ ነው የማቆየው። መጀመሪያ የማየው ካላንደሩን ነው። ትምህርቱ በየትኛው ወር ይጀምራል? በየትኛው ወር ያልቃል? በመሀሉ ኢንተርንሺፕ (ድርጅት ውስጥ ገብቶ ጊዜያዊ የልምምድ ሥራ) የሚሠራበት ሁለት ሦስት ወር አለ ወይስ የለም? ተራ የቀጠሮ ጉዳይ ይመስላል። ግን ሥራ የሚገኘውም የሚታጣውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ዲግሪው ለምን እንደተፈጠረ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ኋላ ይጠቅመናል።

ዲግሪው የተሠራው ለሌላ ዘመን ነበር

ኳንት የሚባለው ሒሳብ፣ ስታትስቲክስና ኮድ ይዞ ዋጋ የሚተምን፣ አደጋ የሚለካ ወይም የመግዣና የመሸጫ ስልት የሚነድፍ ባለሙያ ነው። ሙያው መልክ መያዝ የጀመረው በ1973 ነው ማለት ይቻላል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ቺካጎ ውስጥ የኦፕሽን፣ ማለትም ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል፣ ገበያ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ፊሸር ብላክና ማይሮን ሾልስ፣ እንዲሁም ሮበርት መርተን፣ የኦፕሽን ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ የሚያሳየውን ሥራቸውን አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ባንኮች ቀመር የሚገባቸው ሰዎች ያስፈልጓቸው ጀመር። የቀጠሩትም የፊዚክስና የሒሳብ ዶክተሮችን ነው። ለምሳሌ ኢማኑኤል ደርማን ፊዚሲስት ነበር፤ በ1985 ጎልድማን ሳክስ የተባለው ባንክ ገባ፤ በኋላ ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን የፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ፕሮግራም መራ።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ሲያዩ "ታዲያ ለምን እኛ አናሠለጥንም?" አሉ። ካርኔጊ ሜለን በ1994 ጀመረ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1996 ተከተለ። በርክሌይ በ2001፣ የኒው ዮርክ ከተማው ባሩክ ኮሌጅ በ2002 መጡ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሲነደፉ በዲዛይነሮቹ ልብ ውስጥ የነበረው ሥራ አንድ ነበር ማለት ይቻላል፦ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ የተወሳሰበ ዴሪቫቲቭ (እንደ ኦፕሽን ዋጋው ከሌላ ነገር ዋጋ የሚመነጭ ውል) ዋጋ መተመን። ለዚያም ነው ስቶካስቲክ ካልኩለስ፣ በዕድል የሚዋዥቅ ነገርን የሚያሰላው ሒሳብ፣ የሁሉም ምሰሶ የሆነው።

ከዚያ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ። በ2010 የወጣው የዶድ–ፍራንክ ሕግ፣ "ቮልከር ሩል" በተባለው ክፍሉ፣ የአሜሪካ ባንኮች በራሳቸው ገንዘብ እንዳይነግዱ ገደበ። በ2011 ደግሞ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ባንኮች የሚጠቀሙበትን የሒሳብ ሞዴል ሁሉ ሞዴሉን ካልሠራው ሰው ውጪ በሆነ ባለሙያ እንዲያስፈትሹ የሚጠይቅ መመሪያ አወጣ። ውጤቱ ምን ሆነ? ባንክ ውስጥ ሞዴል የሚሠራው ሰው ብቻ ሳይሆን ሞዴል የሚፈትሸው ሰውም ተፈለገ። "ሞዴል ቫሊዴሽን" የሚባለው የሥራ መደብ ያበጠው ያኔ ነው። ከማስተርስ የሚወጣ ብዙ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነው። መጥፎ ሥራ አይደለም። ግን የትምህርት ቤቱ ብሮሹር ላይ አታገኙትም፤ እዚያ ያለው የግብይት አዳራሽ (ትሬዲንግ ፍሎር) እና ስድስት ስክሪን ነው።

በሌላ በኩል ሄጅ ፈንዶች (የባለሀብቶችን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ የግል ፈንዶች) እና የትሬዲንግ፣ ማለትም ገበያ ላይ የሚነግዱ፣ ድርጅቶች ገነኑ። እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ ሌላ ነው። ዳታ አገላብጦ ከጫጫታው ውስጥ እውነተኛውን ምልክት የሚለይ፣ ኮዱ ፈጣን የሆነ፣ ስታትስቲክስ የገባው ሰው። በዚህ መንገድ ቀድሞ የሄደው የጂም ሲመንስ ሬኔሳንስ ቴክኖሎጂስ ነው። ሲመንስ ራሱ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ ፋይናንስ የተማሩ ሰዎችን መቅጠር አይወድም ነበር። በ1993 ወደ ድርጅቱ የገቡት ፒተር ብራውንና ሮበርት መርሰር የመጡት ከአይቢኤም የንግግር መለያ ቡድን ነው።

ስለዚህ የአንድን ፕሮግራም የኮርስ ዝርዝር ስትከፍቱ አንድ ነገር ቁጠሩ። ስንት ኮርስ ስለ ዴሪቫቲቭ ትመና ነው? ስንት ኮርስ ስለ ታይም ሲሪስ (በጊዜ ቅደም ተከተል የተመዘገበ ዳታ)፣ ስለ ስታትስቲክስ፣ ስለ ማሽን ለርኒንግና ስለ ገበያ አሠራር ነው? ሦስት አራት የዴሪቫቲቭ ኮርስ ተደርድሮ ዳታ ላይ አንድ ምርጫ ኮርስ ብቻ ካለ፣ ያ ፕሮግራም ገና 2006 ላይ ነው ያለው። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። "ኤአይ" የሚል ቃል ርዕሱ ላይ የተለጠፈበት ኮርስ ሁሉ አዲስ አይደለም። የኮርሱን ዝርዝር ይዘት ጠይቃችሁ እዩ። አንዳንዱ ሪግሬሽን የሚባለው የድሮው የስታትስቲክስ ኮርስ ነው፤ ካባ ደርቦ መጥቶ ነው።

ካላንደሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

አሜሪካ ውስጥ ትላልቅ ቀጣሪዎች ሰው የሚወስዱት በአብዛኛው በኢንተርንሺፕ በኩል ነው። ተማሪው ከጁን እስከ ኦገስት ይሠራል፤ ካስደሰታቸው ቋሚ ሥራ ይሰጡታል። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ብዙዎችን የሚያመልጣቸው ማመልከቻው የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ለመጪው ዓመት ጁን ኢንተርንሺፕ ማመልከቻ መቀበል የሚጀመረው ዘንድሮ ጁላይና ኦገስት ላይ ነው። አንዳንዱ ከዚያም ይቀድማል።

እስቲ አስቡት። ተማሪው ኦገስት መጨረሻ ላይ ሻንጣውን ይዞ ይደርሳል። ቤት ገና አልተከራየም። የባንክ ሒሳብ አልከፈተም። አንድም ውጤት የለውም። ግን ሲቪው እዚያው ሳምንት መላክ አለበት። ሴፕቴምበር ላይ የኦንላይን ፈተና ይመጣል፤ ኦክቶበር ላይ ኢንተርቪው። ማለትም ለዋናው ሥራ የሚፈተነው ማስተርሱ ምንም ሳያስተምረው ነው። ክፍያውን የከፈለው ግን እንዲያስተምረው ነበር! ነገሩ ያስቃል፤ ቆይቶ ግን ያሳስባል።

በዚህ ዓይን ፕሮግራሞቹን ስታዩ ልዩነታቸው ሌላ መልክ ይይዛል። የካርኔጊ ሜለን ፕሮግራም 16 ወር ነው። ኦገስት ይጀምራል፣ በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ያልቃል፤ በመሀል የኢንተርንሺፕ ጊዜ አለ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ኩራንት የሒሳብ ተቋምም ሦስት ሴሚስተር ስለሆነ ተመሳሳይ ክፍተት አለው። ፕሪንስተን ባብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፤ ጊዜው ሰፊ ነው። በርክሌይ ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ማርች ላይ ጀምሮ በዓመቱ ያልቃል፤ ኢንተርንሺፑ ከኦክቶበር አካባቢ እስከ ጃንዋሪ ነው። ይሄ ብልጠት አለው። ተማሪው ኢንተርንሺፕ ሲገባ ከስድስት ወር በላይ ተምሯል። በዚያ ወቅትም ከሌላው ትምህርት ቤት ተማሪ ጋር አይጋፋም። ችግሩ ደግሞ ብዙ ድርጅቶች መደበኛውን የኢንተርንሺፕ መስኮታቸውን የሚከፍቱት ለጁን መሆኑ ነው።

የኮሎምቢያ ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ለየት ይላል። ተማሪው ከፈለገ በአንድ ዓመት ይጨርሰዋል፤ ካልፈለገ እስከ 16 ወር ያቆየዋል። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የመጀመሪያውን ያስባል። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ከዚያ በፊት ሥራ ያልሠራ ሰው ረጅሙን ቢመርጥ ይሻለዋል። ያ የመጨረሻ ሴሚስተር የሚገዛው ኮርስ አይደለም፤ ኢንተርንሺፕ ነው።

አውሮፓ ላይ ሒሳቡ ይለያል። የኦክስፎርዱ የሒሳብና ኮምፒዩቴሽናል ፋይናንስ ማስተርስ 10 ወር ነው። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ አንድ ዓመት ነው፤ ማብቂያው ላይ ያለውን ፕሮጀክት ተማሪዎች ድርጅት ውስጥ ገብተው የሚሠሩበት ዕድል አለ። ለንደን ውስጥ የአንድ ዓመት ማስተርስ የተለመደ ስለሆነ ቀጣሪዎቹም ለምደውታል። ከጁን ውጪ የሚጀመር ኢንተርንሺፕ አለ፤ ከተመረቁ በኋላ በኢንተርንነት ገብቶ መቅረትም አለ። ያም ሆኖ ማመልከቻው የሚከፈተው እዚያም ገና ስትደርሱ ነው።

ለኔ በአሠራሩ የሚያስቀናኝ የፓሪሱ ነው። በሒሳብ ሊቋ በኒኮል ኤል ካሩዊ ስም የሚጠራው የፕሮባቢሊቲና ፋይናንስ ማስተርስ፣ ሶርቦንና ኤኮል ፖሊቴክኒክ የሚያስተምሩት ማለት ነው፣ ከባዱን ሒሳብ መጀመሪያ ይጨርስና የዓመቱን መጨረሻ ወራት ለኢንተርንሺፕ ይለቃል። መጀመሪያ ትምህርት፣ ከዚያ ሥራ። ቅደም ተከተሉ የጤና ነው። ግን ፈረንሳይኛ ይጠይቃል፤ ሒሳቡም ቀልድ የለውም።

እንግዲህ አጭሩ ፕሮግራም ለማን ይሆናል? ባንክ ወይም ቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ አቅጣጫ መቀየር ለሚፈልግ ሰው ይሆናል። እሱ ሲቪው ላይ የሚያሳየው ነገር አለው፤ ኢንተርንሺፕ ሳያስፈልገው በቀጥታ ለቋሚ ሥራ ያመለክታል። ቀጥታ ከባችለር የመጣ ልጅ ግን በ10 ወር ፕሮግራም ሲገባ ሩጫው ሲጀመር ጫማውን ገና እያሰረ ነው።

ሳንቲሙ

ያ ኢንተርቪው ምን ይጠይቃል? አንድ የታወቀ ጥያቄ ላሳያችሁ። ሳንቲም ደጋግማችሁ ትወረውራላችሁ። ሁለት ዘውድ በተከታታይ እስኪወጣ ድረስ በአማካይ ስንት ጊዜ መወርወር ያስፈልጋል? አሁን ደግሞ ዘውድ ወጥቶ ወዲያው ጎፈር እስኪከተል ድረስስ?

ብዙ ሰው "ሁለቱም እኩል ነው" ይላል። ሁለቱም ጥንዶች የመውጣት ዕድላቸው ሩብ አይደል? ግን መልሱ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው 6 ነው፤ ሁለተኛው 4።

ለምን? ሁለተኛውን እንየው። ዘውድ እስኪወጣ በአማካይ 2 ውርወራ። ከወጣ በኋላ ጎፈር እስኪመጣ ሌላ 2። በመሀል ዘውድ ቢደጋገምም የሚጠፋ ነገር የለም፤ የመጨረሻው ዘውድ አሁንም እጃችን ላይ ነው። ድምሩ 4። የመጀመሪያው ግን ጨካኝ ነው። አንድ ዘውድ ይዘን ጎፈር ከመጣ ወደ ዜሮ እንመለሳለን። ከዜሮ የሚቀረንን አማካይ "ሀ" እንበለው፤ አንድ ዘውድ ይዘን የሚቀረንን "ለ"። አንድ ውርወራ እናወጣለን፤ ከዚያ በግማሽ ዕድል "ለ" ላይ እንሆናለን፣ በግማሽ ዕድል "ሀ" ላይ እንቀራለን። ይህን ስናቃልለው ሀ = ለ + 2 ይሆናል። "ለ" ላይ ሆነን ደግሞ አንድ እንወረውራለን፤ በግማሽ ዕድል ጨርሰናል፣ በግማሽ ዕድል "ሀ" ላይ ወድቀናል። ስለዚህ ለ = 1 + የሀ ግማሽ። ሁለቱን ስናገናኝ ሀ = 6 ይወጣል።

ይሄን ያመጣሁት እንቆቅልሽ ስለምወድ ብቻ አይደለም (እወዳለሁ ግን)። እዩት፤ ስቶካስቲክ ካልኩለስ የለበትም። ማስተርስ አይጠይቅም። አንድ ጥሩ የባችለር የፕሮባቢሊቲ ኮርስና ብዙ ልምምድ ነው የሚጠይቀው። ፈተናው ያለው ደግሞ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። ስለዚህ የመግቢያ ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን እስከ ኦገስት ያለው ጊዜ የማስተርሱ ትልቁ ሴሚስተር ነው ብላችሁ ብትይዙት አታጋንኑም። ይህን የተረዱ ፕሮግራሞች ተማሪው ከመምጣቱ በፊት ያዘጋጁታል። ባሩክ ለምሳሌ የካልኩለስ፣ የቁጥራዊ ሊኒየር አልጀብራና የፕሮባቢሊቲ ቅድመ ዝግጅት ሴሚናሮች አሉት። አንድ ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚያሠራችሁ ጠይቁ። መልሱ "የእንኳን ደህና መጣችሁ ዝግጅት" ብቻ ከሆነ ዕወቁት።

የቅጥር ሪፖርቱን ማንበብ

"ከተመራቂዎቻችን 95 በመቶ የሚሆኑት ሥራ አግኝተዋል።" ይህን ዓረፍተ ነገር የማይጽፍ ፕሮግራም ያለ አይመስለኝም። ጉዱ ያለው ከሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈው ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ክፍል 80 ተመራቂ አለው እንበል። ትምህርት ቤቱ መጠይቅ ላከ፤ 60ዎቹ መለሱ፤ ከእነሱ 57ቱ ሥራ ይዘዋል። 57 ለ60 ሲካፈል 95 በመቶ ነው። ውሸት የለበትም። ግን 57 ለ80 ብናካፍለው 71 በመቶ ነው። ያልመለሱት 20ዎቹ የት ሄዱ? ምናልባት ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። ግን ጥሩ ሥራ ያገኘ ሰው መጠይቅ መሙላት ብዙ አይከብደውም። ዝም የሚለው ብዙውን ጊዜ ያልቀናው ነው።

ደመወዙም እንዲሁ ነው። አምስት ሰው አለ እንበል። አራቱ 120,000 ዶላር ያገኛሉ፤ አንዱ ሄጅ ፈንድ ገብቶ 400,000። አማካዩ 176,000 ይሆናል። ከአምስቱ ግን ይህን የሚያህል ደመወዝ የሚወስድ አንድም ሰው የለም። መሀለኛውን ቁጥር ጠይቁ፤ እዚህ ላይ 120,000 ነው። ሥራ ያገኙት በተመረቁ በስንት ወር ውስጥ እንደሆነም ጠይቁ። ሦስት ወርና ስድስት ወር አንድ አይደሉም።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን እኔ የማየው የሥራ መደቡን ስም ነው። የድርጅት ስም ብቻ የደረደረ ሪፖርት ብዙም አይነግራችሁም። ትልቅ ባንክ ውስጥ የትሬዲንግ ዴስክ አጠገብ የሚቀመጥ ኳንት አለ፤ እዚያው ባንክ ውስጥ ሪፖርት የሚያጠናቅርም አለ። ሁለቱም "እገሌ ባንክ" ተብለው ይጻፋሉ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠቁማችሁ። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የኒው ዮርክ ከተማ ሕግ ቀጣሪዎች በሥራ ማስታወቂያው ላይ የደመወዝ እርከኑን እንዲጽፉ ያስገድዳል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከሚነግራችሁ ይልቅ ተመራቂዎቹ የያዙትን መደብ ስም ወስዳችሁ ማስታወቂያዎቹን ፈልጉ። የትኛው መደብ ስንት እንደሚከፍል በግልጽ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሰንጠረዡን ወደ ኋላ ማቆየቴም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኳንትኔትና ሪስክ ዶት ኔት የሚባሉት የሙያው ድረ ገጾች በየዓመቱ ደረጃ ያወጣሉ። ሥራቸው የሚጠቅም ነው፤ አልክድም። ግን ብዙው ዳታ የሚመጣው ከፕሮግራሞቹ ከራሳቸው ነው። ከላይ ያለው የ57ና የ80 ጣጣ አብሮ ይገባል። ሰንጠረዡ አንድ ጥሩ ነገር ግን ያሳያል፦ የዩኒቨርሲቲው ስም ሁሉ ነገር አለመሆኑን። ባሩክ የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ከሙያው ውጪ ብዙ ሰው አያውቀውም። ግን በቅርብ ዓመታት ከፕሪንስተን ጋር አናቱ ላይ የሚታይ ነው። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ክፍያው ከግል ዩኒቨርሲቲዎቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ ተማሪዎቹ ቶሮንቶ ላይ በሚካሄደው የሮትማን የትሬዲንግ ውድድር ደጋግመው አሸንፈዋል።

የክፍሉ ትንሽነት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቀጣሪ መጥቶ "አምስት ሲቪ ስጡኝ" ሲል ከ30 ተማሪ መሀል አምስቱ ውስጥ መግባትና ከ150 መሀል መግባት ይለያያል። በዚያ ላይ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚፎካከሩ ሁለት ሦስት ፕሮግራሞች ሊኖሩ ይችላሉ። ኮሎምቢያ ውስጥ የሒሳብ ክፍሉ አንድ አለው፤ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቱ ሌላ አለው። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኩራንት አለ፣ ታንደን የሚባለው የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤትም አለ። "ኮሎምቢያ ገባሁ" ማለት ብቻውን ስለዚህ አይበቃም። የሒሳብ ክፍል የያዘው ፕሮግራም የሒሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) እና ፕሮባቢሊቲ ያበዛል። ኢንጂነሪንግ የያዘው ኦፕቲማይዜሽን (የተሻለውን አማራጭ ማስላት) እና ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ መሞከር)። ቢዝነስ ትምህርት ቤት የያዘው ደግሞ ሒሳቡ ቀለል ሊል ይችላል፤ ግን የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮው ብዙ ጊዜ ይጠነክራል። የጎደላችሁን የሚሞላውን ምረጡ። የሒሳብ ዲግሪ ያለው ሰው ሌላ ሁለት ዓመት ማረጋገጫ ሲጽፍ ቢከርም ኮድ ካልቻለ ያው ነው።

ቪዛ፣ ገንዘብ፣ ዶክትሬት

አሜሪካዊ ላልሆነ ተማሪ አንድ ቁጥር አለ፤ ከደረጃ ሰንጠረዡ ይበልጣል። ማንኛውም ተመራቂ ከትምህርቱ ጋር በተያያዘ ሙያ 12 ወር መሥራት ይፈቀድለታል። ዲግሪው "ስቴም" (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ) ተብሎ ከተመዘገበ ሌላ 24 ወር ይታከላል። ሦስት ዓመት ማለት ነው። ይሄ የሚወሰነው በዲግሪው ስም ሳይሆን ትምህርት ቤቱ በመዘገበው ኮድ ነው። ሁለት ስማቸው የሚመሳሰል ዲግሪዎች እዚህ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ትምህርት ቤቱ ለውጭ ተማሪ በሚሰጠው፣ አይ-20 በሚባለው ቅጽ ላይ የሚጻፈውን ኮድ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ሦስት ዓመቱ የሚያስፈልገው ኤች-ዋን-ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ዕጣ ምክንያት ነው። በዓመት 65,000 መደበኛ ቦታ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለያዙ ደግሞ 20,000 ተጨማሪ። ፈላጊው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሦስት ዓመት ያለው ሰው ደጋግሞ ይሞክራል፤ አንድ ዓመት ብቻ ያለው አንዴ ሞክሮ ሻንጣውን ያዘጋጃል። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ አንዳንድ አዲስ ማመልከቻዎች ላይ፣ በተለይ ከአሜሪካ ውጪ ላለ ሰው በሚቀርቡት ላይ፣ የ100,000 ዶላር ክፍያ በፕሬዚዳንታዊ አዋጅ ተጣለ። ይህን ካየን በኋላ ለንደንን፣ ፓሪስን ወይም ዙሪክን እንደ ሁለተኛ ምርጫ ብቻ መቁጠር አይከብድም? ዙሪክ ላይ ኢቲኤች የሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሰጡት የኳንቲቴቲቭ ፋይናንስ ማስተርስ አለ። የትምህርት ክፍያው ከአሜሪካ የግል ትምህርት ቤቶች ጋር ለንጽጽር እንኳን አይቀርብም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ ሁሉም የኪሱን ያውቃል። አንድ የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲ ክፍያና ኑሮ ሲደመር ከ100,000 ዶላር ያልፋል። ያንን ብድር ሥራ ካላገኘሁ በምን እከፍላለሁ ብሎ አስቀድሞ ማስላት ነው። እዚህ ላይ ያ መሀለኛው ደመወዝ ይጠቅማል፤ አማካዩ አይጠቅምም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ጭራሽ ማስተርሱ አያስፈልገውም። ጄን ስትሪትና ኦፕቲቨርን የመሳሰሉ የትሬዲንግ ድርጅቶች ሒሳብ የሚችል ልጅ ከባችለር በቀጥታ ይቀጥራሉ። ያንን የሳንቲም ጥያቄ በሁለት ደቂቃ የፈታ ልጅ መጀመሪያ እዚያ ቢያመለክት ምን ይጎዳል? በሌላ በኩል ሄጅ ፈንድ ውስጥ ሪሰርቸር መሆን ሕልሙ የሆነ ሰው፣ ብዙዎቹ መደቦች ዶክትሬት እንደሚፈልጉ ቢያውቀው ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሒሳብ፣ በስታትስቲክስ ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት የሚማር ተማሪ በአብዛኛው አይከፍልም፤ ይከፈለዋል። አምስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ምርምሩን ሳይወዱ ለደመወዙ ብቻ ብለው ከገቡበት ግን አምስት ዓመት በጣም ረጅም ነው።

መያዣው

የመጨረሻው ጣጣ ቦታችሁን ለማስያዝ የምትከፍሉት መያዣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት የኤፕሪል 15 ደንብ አለ፤ ተማሪው ከዚያ ቀን በፊት መልስ ለመስጠት አይገደድም። ብዙ ሰው ይህ ለሁሉም ይሠራል ብሎ ያስባል። ደንቡ የሚመለከተው ግን ትምህርት ቤቱ የገንዘብ ድጋፍ የሰጠበትን መግቢያ ነው። የኳንት ማስተርስ አብዛኛው ተማሪ ራሱ የሚከፍልበት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፌብሩዋሪ ላይ ደብዳቤ ልኮ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ የማይመለስ መያዣ ሊጠይቅ ይችላል። የምትፈልጉት ሌላው ትምህርት ቤት ግን መልሱን የሚሰጠው ማርች ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወይ ደንግጦ ይከፍላል፣ ወይ ዝም ብሎ ቀኑን ያሳልፋል። ሦስተኛ መንገድ አለ። ለመግቢያ ቢሮው አጭር ኢሜይል ጻፉ። ፍላጎታችሁ የእውነት እንደሆነ፣ የሌላ ትምህርት ቤት ውሳኔ እየጠበቃችሁ እንደሆነና እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ግለጹ። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ይጨምራሉ። በዚያው ኢሜይል ላይ ባለፈው ዓመት ከተመረቁት የሁለት ተማሪዎችን አድራሻ ጠይቁ። አንዱ ኦክቶበር ላይ ሥራ የያዘ፣ ሌላው እስኪመረቅ ድረስ ያልያዘ ይሁን በሉ። የመጀመሪያውን ወዲያው ይሰጧችኋል። ሁለተኛውን ለመስጠት ምን ያህል እንደሚያቅማሙ ደግሞ ልብ በሉ።